ጋፋት ላይ ዋሱ ማን ነበር?

አባቴ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንበሳሜ ውስጥ ወፍጮ ለመትከል ሁለት በሬ ሸጠ። ያም አልበቃውም፤ ከአጎቴ ተበደረ። ያኔ ሰባት ወይ ስምንት ዓመቴ ቢሆን ነው። ትዝ የሚለኝ ብሩ ሳይሆን ከባሕር ዳር የመጣው ሰውዬ ነው። ኮፍያ ያደርጋል፤ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። ተምሮ ይሁን በልምድ እንጃ፣ ሰፈሩ ግን ገና ከመኪና ሳይወርድ "ኢንጂነር" ብሎ ሾመው።

ኢንጂነር ቦታውን ዞሮ አየ፤ በርምጃ ለካ፤ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ሣለ። ቤቱን የሚሠራው እሱ ነው። መሠረቱን የሚጥለው እሱ ነው። ሞተሩንም የወፍጮ ድንጋዩንም ገዝቶ የሚያመጣው እሱ ነው። የአባቴ ድርሻ ብሩን መክፈልና ቁልፉን መቀበል ብቻ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ተፈራረሙ፣ ሁለት ምስክር ጣቱን አሳረፈ። ከወረቀቱ ውስጥ ቁም ነገር ያላት አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፦ "ወፍጮውን ሠርቶ፣ አስነሥቶ፣ ያስረክባል።"

ደግሞም አስነሣው። ከጥር እስከ ግንቦት ግሩም ነበር፤ እናቶች ጤፋቸውን ይዘው ተሰልፈው፣ እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳንቲም ስቆጥር። ክረምት ሲገባ ግን አፈሩ ጠጣ። የኛ አገር ጥቁር አፈር ታውቁት እንደሆነ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። መስከረም ላይ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተተረተረ፣ የሞተሩ መቀመጫ አዘመመ፣ ቺንጋው በየቀኑ መውለቅ ጀመረ።

ኢንጂነር ተጠርቶ መጣ። ስንጥቁን በጣቱ ነካና፣ "እኔ ወፍጮ ነው የሠራሁት። አፈሩን የሰጠኸኝ አንተ ነህ" አለ። አባቴ ደግሞ፣ "አይተህ፣ ረግጠህ፣ ለክተህ ነው እኮ የተቀበልከኝ" አለው። እንግዲህ ይኸው ነው። ዛሬ በኮንትራት አስተዳደር ሥራ እንጀራዬን ስበላ፣ በሦስት መቶ ገጽ ውል የሚከራከሩ ኩባንያዎች ሲጨቃጨቁ ስሰማ፣ ከዚያ ከወፍጮ ቤት በር ላይ ከሰማኋት ክርክር ብዙም ፈቀቅ ያላለ ነገር ነው የምሰማው።

ሽማግሌዎቹ ምን እንደፈረዱ በኋላ እመለስበታለሁ።

የአባቴ ዓይነቱ ውል በሙያው ቋንቋ "ዲዛይንና ግንባታ በአንድ እጅ" ይባላል። በተለመደው መንገድ አሠሪው መጀመሪያ አማካሪ መሐንዲስ ቀጥሮ ንድፉን ያሠራል፣ ከዚያ ንድፉን ይዞ ሥራ ተቋራጭ ይፈልጋል። ስህተት ከተገኘ ተቋራጩ ንድፉን ይከሳል፣ መሐንዲሱ ግንባታውን ይከሳል፣ አሠሪው መሐል ላይ ቆሞ ይከፍላል። ፋብሪካ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ማሽኑ ሌላ አገር ይሠራል፣ ቤቱ እዚህ ይቆማል፣ ሁለቱ ካልገጠሙ ማን ይጠየቃል? ስለዚህ ሰዎች፣ "አንድ ሰው ሁሉንም ይያዘውና አንድ አንገት ይኑረኝ" አሉ። ኢፒሲ በሉት፣ ተርን ኪ በሉት፣ ሐሳቡ ያው ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ስጋቱ አይጠፋም፤ ቦታ ነው የሚቀይረው። ወዴት እንደሄደ ለማየት ደግሞ ከኛ ከደቡብ ጎንደር የተሻለ ቦታ የለም፤ ጋፋት አለና።

ከአንበሳሜ ተነሥታችሁ በሐሙሲት ወጥታችሁ፣ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፋችሁ ዳገቱን ስትጨርሱ ደብረ ታቦር ናችሁ። ጋፋት ከከተማው ብዙም አይርቅም። ትምህርት ቤት ሳለን ወስደውን ነበር። አስተማሪያችን ቆሞ ስለ ሴባስቶፖል ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዳቦአችንን እየበላን የቀረ የመድፍ ቁራጭ ካለ ብለን መሬት መሬት እናይ ነበር። ያ ጉብኝት የጀግና ታሪክ ነበር። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ያንኑ ታሪክ ነው፣ ግን እንደ ውል አንብቤው።

አሠሪው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ናቸው። ገና ካሣ ሳሉ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ ከግብጽ ጦር ጋር ገጥመው የመድፍን ነገር በሥጋቸው አዩት። በ1847 ከነገሡ በኋላ የሚፈልጉትን አንድ ነገር በደንብ ያውቁ ነበር፦ መድፍ መግዛት ሳይሆን መድፍ የሚሠራበት ቦታና መድፍ የሚሠራ ሰው። ይህን ልብ በሉ። ዕቃ አይደለም የተመኙት፣ ፋብሪካ ነው።

ሠሪዎቹ ደግሞ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። ስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ሚሲዮን የወጡ፣ በኢየሩሳሌሙ ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የተላኩ የእጅ ባለሙያ ሰባኪዎች ናቸው፦ ቫልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን። የመጡት በእጃቸው ሠርተው እየኖሩ ወንጌል ሊያስተምሩ ነው። በኋላ ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪና ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰው ተጨመሩ። (ሆልን ለማስታወስ ለምትፈልጉ፦ ሁለት ጊዜ ኦስካር የወሰደው የፊልም ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ በአባቱ በኩል የሱ የልጅ ልጅ ልጅ ነው። የሆል ሚስት ደግሞ በከፊል የኛው አገር ሰው ነበረች። እንግዲህ ሆሊውድ ውስጥ የጋፋት ደም ነበረ ማለት ነው።)

ንጉሡ ባለሙያዎቹን ጋፋት ላይ አሰፈሯቸው፣ ሚስት አገቡ፣ ቤት ሠሩ። ቫልድማየር የእንግሊዛዊውን የሊቀ መኳስ ጆን ቤልን ልጅ ነው ያገባው። ከዚያ ትእዛዙ መጣ፦ መድፍ ሥሩልኝ።

አንችልም አሉ። በዛሬው ቋንቋ ይህ የጨረታ ማብራሪያ ጥያቄ ነው፤ ሠሪው ከመፈረሙ በፊት "ይህ ሙያዬ አይደለም፣ ይህን ስጋት መሸከም አልችልም" የሚልበት ጊዜ። መልሱ ሰንሰለት ሆነ፤ እስኪስማሙ ድረስ አሽከሮቻቸው ታሰሩ። ተስማሙ።

እኔ ከመላው የጋፋት ታሪክ ዓይኔን የማልነቅለው ከዚህች ቅጽበት ላይ ነው። ንጉሡን ለመውቀስ አይደለም። ከዚያች ቀን በኋላ ግን ከጋፋት ወደ ንጉሡ ጆሮ የሚሄድ "አይቻልም" የሚል ቃል አልነበረም። አንድ ሰው ንድፉንም ግንባታውንም ሲይዝልህ የምትገዛው እጁን ብቻ አይደለም፣ ግምቱንም ነው። ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም፣ ይህ ሁለት ዓመት ይፈጃል የሚለውን ነገር። እምቢ ማለት ካልቻለ ግምቱን አትሰማም። ስጋቱ ግን እዚያው አለ፤ የሚያውቀው ሰው ዝም ብሎ ነው እንጂ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሠሯቸው። ይህ መካድ የለበትም። እሳት የሚችል ጡብ የሚሆን ሸክላ መፈለግ ነበረባቸው፣ ከሰል፣ ወናፍ፣ ቅርጽ ማውጫ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ንጉሡም በዚህ አልተቆጡም፣ እንደገና ሞክሩ ነበር ያሉት። ሲሳካ ደግሞ ብር፣ በቅሎ፣ የክብር ልብስ ሸለሙ። እንዲህ ያለ አሠሪ ዛሬ ስንት አለ? የመጀመሪያውን ክሽፈት የሙከራ ወጪ አድርጎ የሚቆጥር? እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ቅጣቱን ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ላይ ነው የሚቆርጡት። ንጉሡ የቴክኒክን ስጋት ከብዙ የዛሬ ሥራ አስኪያጅ በተሻለ ይረዱት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ "በቃ" የሚል ነገር አለመኖሩ ነው። ዛሬ በእንዲህ ዓይነት ውል የመጀመሪያው አባሪ የአሠሪው ፍላጎት ሰነድ ነው፤ ፋብሪካው በቀን ስንት ኩንታል፣ በምን ጥራት፣ በስንት ሰዓት ሙከራ ተፈትኖ ይረከባል የሚለው እዚያ ላይ ይሰፍራል። ጋፋት ላይ የነበረው ፍላጎት አንድ ቃል ነበር፦ ትልቅ። ትልቅ ሲሠራ፣ ከሱ የሚበልጥ። ከሱ የሚበልጥ ሲሠራ፣ ከሁሉ የሚበልጥ።

እስከዚያው ድረስ ንጉሡ ሌላ ውል በሌላ በኩል ሊዋዋሉ እየሞከሩ ነበር፤ ከለንደን ጋር። ጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ በቆንስል ካሜሮን በኩል ሄዶ መልስ ሳይመጣ ቀረ። በ1856 ካሜሮን ታሰረ። ራሳም የሚባለው መልእክተኛ ምጽዋ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ደጅ ጠንቶ በ1858 ንጉሡ ፊት ቀረበ፣ እስረኞቹም የተፈቱ መሰለ። ከዚያ በሚያዝያ ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳምም አብሮ ቀረ፣ ማርቲን ፍላድ የሚባለው ሚሲዮናዊ ለንደን ተላከ። የያዘው መልእክት ባጭሩ፦ ባለሙያና ማሽን ላኩልኝ።

ፍላድ በዚያው ክረምት ለንደን ደረሰ፣ ንግሥቲቱም አነጋገረችው። እንግሊዞች የሚገርም ነገር አደረጉ፤ እሺ አሉ። ባለሙያዎች ተቀጠሩ፣ ማሽን ተገዛ፣ በመርከብ ተጭኖ በ1859 መጀመሪያዎቹ ወራት ምጽዋ ደረሰ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረ፦ መጀመሪያ እስረኞቹ ይለቀቁ፣ ከዚያ ሰዎቹና ዕቃው ይገባል። ንጉሡ ደግሞ መጀመሪያ ሰዎቹና ዕቃው ይግቡ ነው የሚሉት።

አሁን ለአፍታ ቆም በሉና በነጋዴ ዓይን እዩት። ሁለቱም ወገን ፈቃደኛ ነው። ዕቃው አለ፣ ተከፍሎበታል፣ ወደብ ላይ ተቀምጧል። የጠፋው ማን ይቅደም የሚለው ብቻ ነው። የቀደመው ሙሉውን ኪሳራ ይሸከማል፤ እንግሊዝ ብትቀድም ማሽኑም ባለሙያዎቹም በእስረኞቹ ላይ ይደመራሉ፣ ንጉሡ ቢቀድሙ መያዣቸው ያልቃል፣ መርከቡም ዞሮ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ ከቻይና ቦይለር የሚያስመጣ ዘይት ፋብሪካ ይህን ችግር በአንድ ሳምንት የባንክ ወረቀት ይፈታዋል። ባንኩ ኤልሲ ይከፍታል፤ የመጫኛ ሰነዱ ሲቀርብ ገንዘቡ ይለቀቃል። ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያ ሲወስድ በዚያው ልክ የባንክ ዋስትና ያስይዛል፤ ቢጠፋ ባንኩ ይከፍላል። ሁለቱ ሰዎች መተማመን አይጠበቅባቸውም፣ ሁለቱም ባንኩን ካመኑ ይበቃል።

"ዋስትና" የምንለው ቃል ግን ከባንክ አልመጣም። ባላገር "ዋስ ጥራ" ሲል ሰው ጥራ ማለቱ ነው፤ ብጠፋ በኔ ቦታ የሚያዝ፣ ሥጋና ደም ያለው ሰው። ፍላድ ለንደን ሲሄድ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ነው የሄደው። የዚያ ታላቅ ግዢ ዋስ እነሱ ነበሩ። ራሳምም ዋስ ነበር። ካሜሮንም። የጋፋት ሰዎችም ቆይተው ዋስ ሆኑ። ንጉሡ የሚያውቁትን ሥርዓት ነው የተከተሉት፤ ዋስ ይዘው ውል ይጠብቁ ነበር። ለንደን ግን ዋስ የሚለውን እስረኛ ብላ ነው ያነበበችው። ሁለቱም የሚያምኑት ሦስተኛ ወገን በመካከላቸው አልነበረም፤ ቱርክ አይሆን፣ ግብጽ አይሆን፣ ፈረንሳይ አይሆን። ማሽኑ ምጽዋ ላይ ፀሐይ ሲመታው ቆይቶ፣ ባለሙያዎቹ በዚያው በፈረንጆቹ 1867 ወደመጡበት ተመለሱ።

ከለንደን የሚመጣው ካልመጣ ባለው እጅ መሥራት ነው። ሴባስቶፖል የተሠራው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሰባት ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝን የነሐስ ሞርታር፣ ስሙ ከክሪሚያው ጦርነት ከተማ የተወሰደ። ሠሪዎቹ በዚያን ጊዜ ሙሉ በሙሉ በጥበቃ ሥር ናቸው፤ ሽልማቱ አልፏል፣ ቀሪው ፍርሃት ነው። ቢሆንም ሠሩት።

ከዚያ ማንም በንድፉ ያላሰበው ጥያቄ መጣ፦ ይህ ነገር እንዴት ይሄዳል? በዚያን ጊዜ መንግሥቱ ከእጃቸው እየወጣ ነው፣ የሚተማመኑበት አምባ መቅደላ ነው፣ መቅደላ ደግሞ ከጅዳና ከበሽሎ ገደል ማዶ ነው። ሰባት ቶን የሚሸከም መንገድ በአገሩ የለም። ጥቅምት 1860 ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ባለሙያዎቹ አሁን ሠረገላ ሠሪና መንገድ ቀያሽ ሆነዋል። በመቶ የሚቆጠር ሰው ይጎትታል፤ ቋጥኝ ይፈነቀላል፣ ገደል ይቆረጣል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር፤ ጠላቶቻቸውም ሳይቀሩ የመሰከሩት ነገር ነው። መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ገደማ።

አሠሪው የትራንስፖርቱን ስጋት በገዛ ትከሻው ሲሸከም እንዲህ አይቼ አላውቅም። ሆኖም ስድስት ወር ስድስት ወር ነው። በዚያው ጊዜ ጄኔራል ናፒየር ዙላ ላይ አርፎ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ነበር፤ ንጉሡ ለዓመታት የለመኑት ማሽን በመጨረሻ የገባው በሱ እጅ ነው ማለት ነው። ከባዱን መሣሪያውን ከሕንድ ያመጣቸው ዝሆኖች ይሸከሙለታል። ሁለቱ ጦሮች ወደ አንድ ተራራ እየተሽቀዳደሙ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ወደቀ፣ ንጉሡ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሴባስቶፖል እዚያው ተቀመጠ፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ የምታዩት አምሳያው ነው።

ይህ የድሮ ወሬ ነው፣ ዛሬ ሰንሰለት የለም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሰንሰለቱ የለም። ዝምታው ግን አለ። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው የፋብሪካ ፕሮጀክት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የምረቃው ቀን ከላይ ተቆርጦ መጥቷል። ጠረጴዛው ዙሪያ አሥራ አንድ ሰው አለ፤ አሥራ አንዳችንም ቀኑ እንደማይደርስ እናውቃለን። ቃለ ጉባኤው ግን "በተያዘለት ጊዜ እንደሚጠናቀቅ ተገልጿል" ይላል። ፈርሜበታለሁ።

የመሬት ውስጥ ነገር ይብሳል። ግልገል ጊቤ ሁለትን ውሰዱ። በ1996 ከሳሊኒ ጋር ያለ ግልጽ ጨረታ የተፈረመ፣ ንድፉም ግንባታውም በአንድ እጅ የሆነ ውል ነው። የጊቤ አንድን ውሃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሻግሮ ወደ ኦሞ ሸለቆ ያወርደዋል፤ 420 ሜጋ ዋት። በጥቅምት 1999 ዋሻ ቆፋሪው ማሽን የተሰባበረ አለት ውስጥ ገባና ጭቃው ወደ ኋላ ገፋው። ሥራው ተጓተተ። ጥር 2002 ተመረቀ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰና ጣቢያው ወራት ቆመ። አፈሩን የሰጠኸኝ አንተ ነህ፣ አይተህ ነው የተቀበልከኝ። ያችው የወፍጮ ቤት ክርክር፣ ዘሮ ብቻ ተጨምሮባት።

ለዚህ ነገር የዓለም መሐንዲሶች ማኅበር ፊዲክ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ሲልቨር ቡክ ላይ ግልጽ አድርጎ ጽፎታል። ሲልቨር ቡክ የመሬቱን ጨምሮ አብዛኛውን ስጋት ተቋራጩ ላይ የሚጭን የተርን ኪ ውል ነው። ግን መግቢያው ላይ ራሱ ያስጠነቅቃል፤ ብዙ የመሬት ውስጥ ሥራ ካለ፣ ወይም ተጫራቹ ሊያየው የማይችል ነገር ካለ፣ ይህን ውል አትጠቀሙ ይላል። ምክንያቱ ደግነት አይደለም። ያላየውን ስጋት የሚሸከም ሰው ወይ ዋጋውን ሰማይ ይሰቅለዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ፈርሞ በኋላ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኤመራልድ ቡክ የሚባል ለመሬት ውስጥ ሥራ የተለየ ውል መጣ፤ ከመጀመሪያው "መሬቱ እንዲህ ነው ብለን እንገምታለን" የሚል የጋራ ሰነድ ይፈረማል፣ ከዚያ የወጣው የአሠሪው ነው፣ እስከዚያ ያለው የተቋራጩ። የወፍጮ ቤት ሽማግሌዎች በቃል የሚያደርጉት ነገር በወረቀት ሲመጣ ማለት ነው።

ስለ ሜቴክ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰኔ 2002 ሲቋቋም በሥሩ ከገቡት ፋብሪካዎች አንዱ ስሙ ጋፋት ነው፤ የጦር መሣሪያ ፋብሪካው። ስም አወጣጡ ደስ ይላል። ከዚያ ስኳር ፋብሪካዎች ከነንድፋቸው ተሰጡት፤ ከነሱም የኛው ክልል የጣና በለስ ፋብሪካዎች አሉበት። እዚህ ላይ አሠሪውም መንግሥት ነው፣ ሠሪውም መንግሥት ነው፣ ገንዘብ ሰጪውም የመንግሥት ባንክ ነው። ታዲያ የመዘግየት ካሳው ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ ይገባል? ዋስ የሚጠራ፣ ዋስ የሚሆን የተለየ ሰው የለም። እምቢ የሚልም የለም። ሸንኮራው ተተከለ፣ ውሃው መጣ፣ ፋብሪካው አልደረሰም፤ አገዳው ማሳ ላይ አረጀ። ስጋቱ ዞሮ ዞሮ በውሉ ውስጥ ስሙ በሌለ ነገር ላይ አረፈ፤ አገዳው ላይ፣ ለአገዳው ከመሬቱ በተነሣው ገበሬ ላይ። በኋላ ውሉ ተነጥቆ ለቻይና ኩባንያ ተሰጠ። በነሐሴ 2010 ደግሞ የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረት ሥራም እንዲሁ ከሜቴክ እጅ ወጣ።

ወደ ወፍጮው ልመለስ።

ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተቀመጡ፣ ሁለቱንም ሰሙ፣ ሄደው መሠረቱን በዶማ አስቆፍረው አዩ። ፍርዱ እኩል ሆነ፦ ሲሚንቶውንና ድንጋዩን አባቴ ይግዛ፣ ጉልበቱን ኢንጂነር ያምጣ፣ መሠረቱ እስከ ጠንካራው አፈር ድረስ ይውረድ። አባቴ ያን ዓመት ሦስተኛ በሬ ሸጠ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሳነብ አንቀጽ 3039 ላይ ደረስኩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት የሠራ ተቋራጭ ሥራው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ ለአሥር ዓመት ዋስ ነው ይላል፤ በአሠራሩ ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሥራው ባረፈበት አፈር ባሕርይ ምክንያት ለሚደርሰው ጉዳትም ጭምር። አፈር! ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አፈሩ ያባቴ አልነበረም እኮ። ሦስተኛው በሬ በሕግ የኢንጂነር ነበር።

ለበዓል ወደ አንበሳሜ ስሄድ ነገርኩት። መጽሐፉን ይዤ ነው የሄድኩት፤ አነበብኩለት፣ ሁለት ጊዜ። አባቴ አዳመጠኝ፣ ጠላውን አስቀመጠና፣ "ታዲያ ፍርድ ቤት ወስጄው ብረታ፣ ማን ተመልሶ ይሠራልኝ ነበር?" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "ሰውዬው እኮ እዚያ ሲቆፈር አፍሯል። ባያፍር አይመጣም ነበር። እኔም ቦታውን ስመርጥ ያ ጥግ ውሃ እንደሚይዝ አውቅ ነበር፣ አልነገርኩትም።"

"ለምን አልነገርከውም?"

"ዋጋ ይጨምርብኛል ብዬ ነዋ።"

ወፍጮው አሁንም ይሠራል፤ ሞተሩ በመብራት ሆኗል። ስንጥቁ በሲሚንቶ ተደፍኗል፣ በየክረምቱ ግን ፀጉር የምታህል መስመር ትታያለች። አባቴ በየመስከረሙ በከሰል ጫፉን ምልክት ያደርጋል፤ ግድግዳው ላይ ሃያ ስንት ምልክት አለ፣ በዱቄት ተሸፍኖ።